ጦር በከበበው ከተማ የተገዛ መሬት

ሰሞኑን ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ላይ ተይዣለሁ። አልፌው መሄድ አቃተኝ። ስለ እግዚአብሔር የተስፋ ቃል ስናወራ ቶሎ ወደ አብርሃምና ሣራ፣ ወይም ወደ ቀይ ባሕር እንሮጣለን። ደስ የሚሉ ታሪኮች ናቸው፤ መጨረሻቸውን ስለምናውቀው ልብ ያሳርፋሉ። የኤርምያስ መሬት ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳርፍም። ለእኔ ደግሞ አሁን የሚያስፈልገን እሱ ይመስለኛል፤ በተለይ የጸለዩበት ነገር ከዓመት ዓመት እየተገፋባቸው፣ ሰው ፊት "እግዚአብሔር ታማኝ ነው" ብለው ማታ ለብቻቸው ለሚያለቅሱ ሰዎች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የይሁዳ ንጉሥ ሴዴቅያስ ከነገሠ 10ኛው ዓመት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 587 ዓመት አካባቢ። የናቡከደነፆር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቧታል። ከኢየሩሳሌም ሌላ ከተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች ሳይያዙ የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደነበሩ ምዕራፍ 34 ላይ ተጽፏል። ከተማው ውስጥ ረሃብ ገብቷል። ኤርምያስ ታስሯል። በንጉሡ ቤት ባለው የግዞት ቤት አደባባይ ተቀምጦ፣ ከጋጋሪዎች ሰፈር በየቀኑ አንድ እንጀራ እያመጡለት ይኖራል፤ እሱም ከከተማው እንጀራ እስኪጠፋ ድረስ ነው። ጥፋቱ ምንድን ነው? "ይህች ከተማ ለባቢሎን ንጉሥ ትሰጣለች" ማለቱ።

እዚያው እስር ላይ እያለ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንደነገረው፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጣና "ዓናቶት ያለውን መሬቴን ግዛኝ" አለው።

ዓናቶት የኤርምያስ የትውልድ መንደር ናት። ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትርቅ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬም ዓናታ የምትባል መንደር ስሟን ይዛ አለች። በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው እኮ። ግን በመሃል የባቢሎን ጦር ሰፍሯል። ሻጩ መሬቱን ማረስ አይችልም፣ ገዢውም ሄዶ ማየት አይችልም። አናምኤል ለምን መሸጥ እንደፈለገ መጽሐፉ አይናገርም፤ እኔ ግን ረሃቡ ነው ባይ ነኝ። ዘሌዋውያን 25 ላይ ሰው ሲደኸይና ርስቱን ሲሸጥ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ እንዲቤዠው ታዟል፤ ስለዚህ አናምኤል በሕጉ መሠረት ነው ወደ ዘመዱ የመጣው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ምዕራፍ 11 ላይ የዓናቶት ሰዎች ኤርምያስን ሊገድሉት ይፈልጉ ነበር። "በእግዚአብሔር ስም ትንቢት አትናገር፣ አለዚያ በእጃችን ትሞታለህ" ያሉት የገዛ አገሩ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ግዛ የተባለው መሬት ጠላት የያዘው ብቻ አይደለም፤ ነፍሱን ከሚፈልጉ ሰዎች ሰፈር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ነው ደጋግሜ የማነበው። ኤርምያስ "አሜን፣ ተቀብያለሁ" ብሎ ነገሩን እዚያ አልተወውም። ብር አወጣ። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፤ በዛሬ ሚዛን ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ነው። ውል ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር ጠራ፣ ምስክሮቹም ፈረሙ። ውሉ ሁለት ነበር፤ አንዱ የታተመ፣ ሌላው የተከፈተ። ሁለቱንም ለጸሐፊው ለኔርያ ልጅ ለባሮክ ሰጠው። ይሄን ሁሉ ያደረገው ተደብቆ አይደለም፤ አናምኤልና ምስክሮቹ እያዩ፣ በግዞት ቤቱ አደባባይ የተቀመጡት አይሁድ ሁሉ እያዩ ነው። እኛ ቤት ስንገዛ ምስክር ይዘን ውልና ማስረጃ ሄደን እንደምንሰለፈው ማለት ነው፤ አንዲት ፊርማ ሳትጎድል፣ ግን ከግንቡ ውጭ የጠላት ጦር እየተሰማ።

የዚያን ዘመን ውል በክር ታስሮ በጭቃ ይታተም ነበር። በ2005 እና በ2008 (በፈረንጆቹ) ኢየሩሳሌም ውስጥ የዳዊት ከተማ በሚባለው ቦታ በተደረገ ቁፋሮ ሁለት ትንንሽ የጭቃ ማኅተሞች ተገኝተዋል፤ አንዱ የሰሌምያ ልጅ ዮካል፣ ሌላው የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ የሚሉ። ሁለቱም ስሞች ኤርምያስ 38 ላይ አሉ፤ "ይህ ሰው ይገደል" ብለው ንጉሡ ጋ ከሄዱት መኳንንት መካከል ናቸው። ይሄን ሳውቅ የተሰማኝን መናገር ይከብደኛል። ኤርምያስን የከሰሱት ሰዎች ማኅተም፣ የኤርምያስ ውል በታተመበት ከተማ፣ በዚያው ዘመን ጭቃ ላይ ታትሞ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ይሄ ታሪክ ተረት አይደለም። በእውነተኛ ከተማ፣ በእውነተኛ ረሃብ ውስጥ፣ ሞት በሚፈረድበት ቦታ የሆነ ነው።

ከዚያ ኤርምያስ ባሮክን አዘዘው፤ ውሎቹን በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጋቸው፣ ብዙ ዘመን ይቆዩ ዘንድ። ምክንያቱም ቤትና እርሻ የወይንም ቦታ በዚህች ምድር እንደገና ይገዛሉ ብሏል እግዚአብሔር።

ብዙ ዘመን። ገና ሲገዛ ተነግሮታል። ነገ አይደለም፣ የዛሬ ዓመት አይደለም። መሬቱን የሚያርሰው እሱ እንዳልሆነ እየገባው ነው ብሩን የመዘነው። ደስ ብሎት ነበር የሚል ቃል የለም፤ ሙሉ ልብ ነበረው የሚል ቃልም የለም። መዘነ፣ ጻፈ፣ አተመ ነው የሚለው።

ጸሎቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው! እኛ ብንሆን መጀመሪያ ጸልየን፣ ልባችን ሲረጋ ነው የምንፈርመው። ኤርምያስ ፈርሞ፣ ከፍሎ፣ ውሉን ለባሮክ ካስረከበ በኋላ ነው ወደ እግዚአብሔር የዞረው። ጸሎቱ ሲጀምር ከፍ ብሎ ነው፤ ሰማይንና ምድርን በታላቅ ኃይልህ ፈጥረሃል፣ ከአንተ የሚያቅት ነገር የለም ይላል። ይሄን ቁጥር 17 ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፣ ግድግዳ ላይም ይሰቀላል። ከዚያ ግብጽን ያነሳል፣ ምልክትና ድንቅን ያነሳል፣ የሕዝቡን አለመታዘዝ ያነሳል። ቀስ እያለ ድምፁ ይወርዳል። ቁጥር 24 ላይ "እነሆ፣ የአፈር ድልድል" ይላል፤ ጠላት ከተማዋን ለመያዝ የቆለለው አፈር ማለት ነው። ሰይፍ፣ ረሃብ፣ ቸነፈር። ያልከው ሁሉ ሆኗል፣ አንተም ታየዋለህ። ቁጥር 25 ላይ ደግሞ፣ ከተማይቱ ለከለዳውያን፣ ማለትም ለባቢሎን ሰዎች፣ ተሰጥታ ሳለ አንተ ግን "እርሻውን በብር ግዛ፣ ምስክርም ጥራ" አልኸኝ ይላል። አበቃ። ጸሎቱ እዚያ ላይ ያልቃል። "ስለዚህ እባክህ" የሚል ነገር የለውም፣ ልመና የለውም። ያልገባውን ነገር እግዚአብሔር ፊት አስቀምጦ ዝም አለ።

እኔ ይሄን ጸሎት እወደዋለሁ። አንድ አፍ ነው "የሚያቅትህ የለም" ያለውም፣ "ታዲያ ይሄ እንዴት ነው?" ያለውም። ሁለቱ ኤርምያስ ውስጥ አልተጣሉም። እኛ ጋ ግን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ቶሎ "አትጠራጠር" ይባላል፤ አፉን እናዘጋዋለን። እግዚአብሔር ኤርምያስን አልገሠጸውም። ራሱ የተናገረውን ቃል መልሶ በጥያቄ ሰጠው፤ "እኔ የሥጋ ለባሽ ሁሉ አምላክ እግዚአብሔር ነኝ፤ በውኑ እኔን የሚያቅተኝ ነገር አለን?" ከዚያ ደግሞ የአፈር ድልድሉን አልካደም። አዎ፣ ከተማዋ ትያዛለች፣ ትቃጠላለች አለው። ከዚያ በኋላ ግን ከበተንኋቸው አገር ሁሉ እሰበስባቸዋለሁ፣ በዚህች ምድር በእውነት እተክላቸዋለሁ፣ ሰዎችም መሬት በብር ይገዛሉ፣ ውል ይፈርማሉ፣ ያትማሉ አለው። የተስፋውን ነገር ልክ በውሉ ቋንቋ ነው የነገረው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ከዚህ ግዢ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነስቶ ነበር፤ ምዕራፍ 28 ላይ አለ። በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ "በ2 ዓመት ውስጥ የተወሰደው ዕቃ ሁሉ ይመለሳል፣ የተማረኩትም ይመለሳሉ" አለ። ሕዝቡ ምን ያህል ደስ እንዳለው ማሰብ አይከብድም። ኤርምያስም ራሱ "አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ" ነው ያለው፤ እሱም ቢሆንለት ይወድ ነበር። ግን ቃሉ ከእግዚአብሔር አልነበረም። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ፣ 2 ዓመቱም አለፈ፣ የተመለሰ ነገር የለም። ሁላችን የምንወደው፣ በየቴሌግራሙ የምንላላከው "ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" የሚለው ቃል የተጻፈው ለእነዚያው ምርኮኞች ነው። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር ግን 70 ዓመት ይላል። ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ቶሎ አትመለሱም ነው መልእክቱ። ተስፋው እውነተኛ ነው፣ ጊዜው ግን ረጅም ነው።

አንዲት ጓደኛዬ አለች፣ ትዳር ከያዘች የቆየች፣ ልጅ የምትጠብቅ። አንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ፕሮግራም ላይ እንግዳ ሆኖ የመጣ አገልጋይ ከሕዝቡ መካከል አስነስቷት "የዛሬ ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ታቅፊያለሽ" አላት። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ዓመቱ ደረሰ፣ ምንም የለም። ያ ሰው ደግሞ ተመልሶ "ምን ሆንሽ?" አላላትም። ከሁሉ የከፋው ግን አንዳንድ የምታምናቸው ሰዎች "እምነትሽ ጎድሎ እንዳይሆን" ማለታቸው ነው። ይሄን ስሰማ ውስጤ ይቃጠላል። ሐናንያ የተናገረው ስላልሆነ የይሁዳ ሕዝብ እምነት ጎድሎ ነው አላለም እግዚአብሔር፤ "በሐሰት ታምን ዘንድ ይህን ሕዝብ አድርገሃል" ብሎ ተጠያቂ ያደረገው ነቢዩን ነው። አገልጋዮቻችን ይሄን ቁጥር ቢያነቡት እወዳለሁ።

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን "አንቺ ንገሪኝ፣ እግዚአብሔር ቃሉን ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም?" አለችኝ። እኔ ያልኳት ይሄን ነው፤ እህቴ፣ ሣራ ተሰጣት፣ ሐናም ተሰጣት፣ ኤልሳቤጥም ተሰጣት፤ ስለዚህ ይችላል፣ ስለዚህ እንለምነዋለን፣ እኔም መለመኔን አልተውም። ግን ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ እሰጣለሁ የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ ያንን ቃል በእግዚአብሔር አፍ ያስገባው ሰውዬው ነው። እግዚአብሔር ለአንቺ የሰጠሽ ቃል ሌላ ነው፣ ከዚያም የሚከብድ ነው። አልተውሽም ብሏል። እንባሽን ከዓይንሽ አብሳለሁ ብሏል። ሙታንን አስነሳለሁ ብሏል።

እሷም "የመጨረሻው በጣም ሩቅ ነው" አለችኝ።

አዎ ሩቅ ነው። አባቴን የቀበርን ዕለት 1ኛ ተሰሎንቄ 4 ሲነበብ ሰማሁ፤ "በክርስቶስ የሞቱት አስቀድመው ይነሣሉ።" ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ብዙ ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። ግን አፈሩ የገዛ አባትሽ ሳጥን ላይ ሲወድቅ፣ የእድሩ ሰዎች አካፋ ሲቀባበሉ፣ ያ ቃል የሚታመን ነገር አይመስልም። ከልጅ መውለድ ይበልጣል፣ ከምርኮ መመለስ ይበልጣል። ከዚህ የበለጠ የማይቻል ነገር ሰው አያውቅም። ሆኖም የክርስትና እምነታችን በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው። አንድ ሰው ከመቃብር ወጥቷል ብለን ነው የምናምነው፤ ያ ካልሆነ ሌላው ተስፋ ሁሉ ዋጋ የለውም ይላል ጳውሎስ ራሱ።

ስለዚህ ወደ መሬቱ እንመለስ፣ መጨረሻው ምን ሆነ? ኢየሩሳሌም በዓመቱ ወደቀች፣ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። ኤርምያስን የተረፉት ሰዎች አስገድደው ወደ ግብጽ ወሰዱት፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነግረን መጨረሻው ያ ነው። ዓናቶት ተመልሶ ሄዶ መሬቱን አረሰ የሚል የለም። በ538 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግን የፋርሱ ቂሮስ አይሁድ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ፤ ከግዢው 50 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። መጽሐፈ ዕዝራ ሲጀምር ምን ይላል? "በኤርምያስ አፍ የተነገረው የእግዚአብሔር ቃል ይፈጸም ዘንድ።" እስቲ ምዕራፍ 2ን ክፈቱ፣ ያ ማንም የማያነበውን የስም ዝርዝር። ቁጥር 23፤ የዓናቶት ሰዎች 128። መቶ ሃያ ስምንት ሰዎች ወደዚያች መንደር ተመለሱ። ነህምያ 7 ላይም ያው ቁጥር አለ፤ ምዕራፍ 11 ላይ ደግሞ የብንያም ልጆች ከተቀመጡባቸው ቦታዎች መካከል ዓናቶት ተጽፋለች። ስሙን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ጭምር ያስጻፈልን አምላክ ቃሉን ረስቷል ማለት አልችልም።

በመሃል ደግሞ ዳንኤል አለ። ባቢሎን ተቀምጦ የኤርምያስን መጽሐፍ ሲያነብ 70 ዓመቱ ላይ ደረሰ፤ ምዕራፍ 9 ላይ ነው። "እንግዲህ ቃል ከሆነ ራሱ ይፈጸማል" ብሎ አልተኛም። ማቅ ለበሰ፣ ጾመ፣ ለመነ። ቃሉ እንዲጸልይ አደረገው እንጂ ጸሎቱን አላስቆመውም።

አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ። የአቤሜሌክን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው፤ ሙዳይ ሙሉ በለስ ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ 66 ዓመት እንዳለፈው፣ ሲነቃም በለሱ ትኩስ እንደነበር፣ ተረፈ ባሮክ ላይ እንዳለው። ልጅ ሆኜ በጣም ይገርመኝ ነበር። በኋላ ኤርምያስ 38ን ሳነብ ያው ሰው መሆኑ ገባኝ፤ ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ሳለ ንጉሡን ደፍሮ ያናገረው፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ የወረወረለት ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ምዕራፍ 39 ላይ እግዚአብሔር ለዚህ ሰው የግሉን ቃል ላከለት፤ በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም፣ በሰይፍ አትወድቅም፣ በእኔ ታምነሃልና። ከተማዋ ስትወድቅ እሱ እንደሚድን ነው የተነገረው።

አንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ከበባ ወቅት፣ ለአንዱ ሰው በቀናት ወይም በወራት የሚፈጸም ቃል ተሰጠው። ለሌላው ደግሞ ከሞተ በኋላ የሚፈጸም። ማናቸው የበለጠ አመኑ? እኔ መለየት አልችልም፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ወዷቸዋል። ዕብራውያን 11 ላይ የተስፋውን ቃል ሳያገኙ ከሩቅ አይተው ተሳለሙት የተባሉት ሰዎች ከሌሎቹ ዝቅ ተደርገው አልተጻፉም።

ጓደኛዬ አሁንም እየጠበቀች ነው። አሁንም አብረን እንጸልያለን። ባለፈው "ቃሉን ስጪኝ" ስትለኝ ከኤርምያስ 32 ቁጥር 17 እስከ 25 ያለውን ከፍተን አንድ ላይ ጸለይነው፤ ኤርምያስ ስለ ከተማዋ የሚለው ቦታ ላይ እሷ የራሷን ነገር እየተካች፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ የአማቶቿን ጥያቄ፣ ያንን የዋዜማ ሌሊት ሳይቀር። እናንተም የምትጠብቁት ነገር ካለ እንዲሁ ጸልዩት። ቁጥር 17 ላይ አታቁሙ፤ ቁጥር 24ን እና 25ንም ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።